የጃፓን የእንጨት አሻንጉሊቶች፦ እጅ እግር የሌለው ነገር ምኑ ይሰበሰባል?

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፤ «ስንት አወጣሽበት?» እና «እጃቸውስ?»። እጅ የላቸውም። እግርም የላቸውም። ድቡልቡል ራስ፣ ቀጥ ያለ አካል፣ ፊቱ ላይ ጥቂት የብሩሽ ጭረት፣ ሆዱ ላይ አበባ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ መስመር፤ በቃ። ኮኬሺ ይባላሉ። አገራቸው ቶሆኩ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፤ አኦሞሪ፣ አኪታ፣ ኢዋቴ፣ ያማጋታ፣ ሚያጊ፣ ፉኩሺማ።

ከሐበሻ የሚሰበስብ ሌላ ሰው ካለ እንድንተዋወቅ ነው ይህን የጻፍኩት። ለማያውቀው ባጭሩ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በተራሮቹ ውስጥ ሳህንና ትሪ የሚያወጡ የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ፣ ኪጂሺ የሚባሉ። ገበሬው አዝመራውን ከሰበሰበ በኋላ ፍል ውሃ ሊታጠብ፣ ወገቡን ሊያሳርፍ ይመጣና ሰንበት ብሎ ይሄዳል። ሶደሬ ደርሶ ባዶ እጁን ቤት እንደማይገባ አባት፣ እሱም ለልጆቹ የሆነ ነገር መያዝ አለበት። ኪጂሺዎቹ ከተረፈ እንጨት አሻንጉሊት ሠሩለት። ከዚያ እያንዳንዱ ፍል ውሃ የራሱን መልክ ያዘ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ 11 ዓይነት ብለው ይከፍሏቸዋል፣ 12 የሚሉም አሉ።

እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። የናሩኮ ሠሪ የናሩኮን ቅርጽ ይሠራል፤ ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ፣ ሆዱ ላይ ክሪሳንተመም አበባ፣ ራሱን ስታዞሩት ሲጥ ሲጥ የሚል። የትሱቺዩ ሠሪ ቀጠን ያለ አካል፣ አናቱ ላይ በጥቁር የተሳለ ክብ በክብ ውስጥ። አንዱ የአንዱን አይሠራም። ንድፉን ከአባቱ ወይም ከመምህሩ ነው የሚቀበለው። እና በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ተመሳሳይ አበባ፣ ተመሳሳይ ዓይን እየሳሉ፣ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አንዱ የሳላት ልታስቅህ ነው የምትመስለው፤ የወንድሙ ደግሞ ያኮረፈች። ልዩነቱን ፍለጋ ዓይን ይሠለጥናል። ሌላ ነገር ስሰበስብ ይህን አላገኘሁም።

ገብረ_4ኪሎ

ሰብልዬ አጻጻፍሽ ደስ ይላል ግን እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቀየሚ። እናቴ ብታየው መጀመሪያ የምትለው «ይኼ ጣዖት ነው፣ ከቤት አውጪው» ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሰገድለታል ወይስ አይሰገድለትም?

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ምን ያስቀይመኛል፣ የኔም እናት ጠይቃኛለች። ኮኬሺ የልጅ መጫወቻና የመንገድ ስጦታ ነው። የሚሰግድለት የለም። ናምቡ የሚባለው ዓይነት እንዲያውም ቀለም እንኳ የሌለው፣ ራሱ የሚወዛወዝ፣ ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር ነበር። እናቴ ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ፈቀደች ማለት አይደለም፣ ዝም አለች ነው።

ቃለ_ሕይወት_አትላንታ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁሉንም የጃፓን ምስል በአንድ ከረጢት ባትከቱት። ዳሩማ የሚባለው ቀዩ ድቡልቡል ሌላ ነው። እሱ ቦዲዳርማ የሚባለውን የቡድሃ እምነት መነኩሴ ነው የሚያሳየው። በጉንማ ግዛት ታካሳኪ ከተማ በብዛት ይሠራል፤ እዚያው ዳሩማጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ሲገዛ ዓይኑ ባዶ ነው። ስለት ስትሳል አንዱን ዓይን ታጠቁረዋለህ፣ ሲሞላልህ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ወደ ቤተ መቅደሱ ተመልሶ ይቃጠላል። ይኼ የእምነት ዕቃ ነው፤ እኔ ቤቴ አላስገባውም። ኮኬሺ ግን የሶዶ ሸክላ ገዝቶ ሳሎን እንደማስቀመጥ ነው የማየው። እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን።

ሚኪ_ዱባይ

ዳሩማ ተቃጥሎ የሚያልቅ ከሆነማ መሰብሰቡ ራሱ ከነገሩ ጋር ይጣላል ማለት ነው 😀

ቃለ_ሕይወት_አትላንታ

አዎ። የሞላም ያልሞላም ስለት ደርድሮ ማስቀመጥ ግራ ነው።

ጋሼ_ቶርኖ

ሰላም ልጆች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቶርኖ ላይ ነው የኖርኩት፣ መጀመሪያ ብረት፣ አሁን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለራሴ እንጨት። ሰብለ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ራስና አካሉ ሁለት እንጨት ከሆነ በኮላ ካልተያዘ ይወልቃል፤ በኮላ ከተያዘ ደግሞ አይዞርም። እንዴት ነው የሚይዘው? ምን እንጨት ነው? እንዴት ነው የሚያደርቁት?

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ እንኳን መጡ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ነበር የምፈልገው!

እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ሚዙኪ የሚሉት ነጭ፣ ደቃቅ ዛፍ ነው። ቡናማ የሆኑት ከቼሪ ነው፤ ሜፕልም ይጠቀማሉ። ዛፉ ይቆረጥና ቅርፊቱ ተልጦ ደጅ ይቆማል፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ። ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይህን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

የናሩኮ አንገት ኮላ የለውም። የአንገቱ ጫፍ ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ወፈር ይላል። አካሉ ቶርኖው ላይ እየዞረ ሳለ ሠሪው ራሱን በእጁ ይዞ በጉልበት ይገፋበታል፤ በፍትጊያው እየሞቀ ይገባል፣ ከገባ በኋላ አይወጣም፣ ግን ይዞራል። እንጨት በእንጨት ሲፋተግ ነው ድምፁ። ሁሉም እንዲህ አይደሉም። የትሱጋሩና የኪጂያማ ኮኬሺ ከራስ እስከ እግር አንድ እንጨት ነው፣ መጋጠሚያ የላቸውም።

ሌላም ልንገርዎ። እነሱ እንደኛ ቶርኖ ጎን አይቆሙም። ከዘንጉ ጫፍ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት፤ እንጨቱ ዘንጉ ጫፍ ላይ በመዶሻ ተመትቶ ይጣበቃል፣ ሌላው ጫፍ ነፃ ነው። መሣሪያቸውን ራሳቸው ቀጥቅጠው ነው የሚያወጡት። ድሮ ደግሞ ሁለት ሰው ነበር የሚሠራው፤ አንዱ ጠፍሩን እየጎተተ ዘንጉን ያዞራል፣ አንዱ ይቀርጻል። በእግር የሚረገጠውና አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት በሜይጂ ዘመን (በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ) ነው የመጣው።

ጋሼ_ቶርኖ

ሌላውን ጫፍ ሳይደግፉ! ያ ድፍረት ነው። ያን ያህል እንጨት በአንድ ጫፍ ብቻ ሲዞር ትንሽ ከመሐል ከወጣ ይንቀጠቀጣል፣ መሣሪያህን ይነክሰዋል። እሺ፣ ፊት ለፊት መቀመጡ ግን ይገባኛል፤ ውስጡን ለመቦርቦር ይመቻል። ሳህን ሠሪዎች ስለነበሩ ነው። ማለስለሻቸውስ? ብርጭቆ ወረቀት?

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ዛሬ ብርጭቆ ወረቀትም አለ፤ የቆየው ግን ቶኩሳ የሚባል ቅጠል የሌለው፣ ግንዱ እንደ ሞረድ ሸካራ የሆነ ተክል አድርቆ በእሱ ማሸት ነው። ቀለሙን ከቀቡ በኋላ ሰም። ዙሪያውን የሚሄዱትን መስመሮች ደግሞ በእጅ አያዞሩም፤ ቶርኖው እየዞረ ብሩሹን አስጠግቶ መያዝ ብቻ። ለዚያ ነው መስመሩ መነሻና መድረሻ የማይታወቀው።

ሊያ_ሐይፋ

ሰላም ከእስራኤል። እኔ ኮኬሺ የለኝም፤ ኔትሱኬ ግን እወዳለሁ፣ ከመውደድም አልፎ አበዛዋለሁ ይላል ባለቤቴ። እዚህ ሐይፋ ካርሜል ተራራ ላይ የቲኮቲን የጃፓን ጥበብ ሙዚየም አለ። ሥራዬ አቅራቢያው ስለነበር ገባሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም ማለት ይቻላል።

ኔትሱኬ ከኮኬሺ የሚለየው ሥራ ነበረው። በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ) ኪሞኖ የሚባለው የጃፓን ልብስ ኪስ የለውም። ሰውየው ትንባሆውን፣ መድኃኒቱን፣ ማኅተሙን በገመድ አንጠልጥሎ ገመዱን በመቀነቱ ሥር ያሳልፋል፤ እንዳይንሸራተት ከላይ ጫፉ ላይ የሚታሰረው ቁልፍ ኔትሱኬ ነው። አውራ ጣት የምታክል ነገር። አይጥ፣ በሬ፣ የተኛ ሰው፣ አጋንንት፣ የተላጠ ቼስትነት የሚባል ፍሬ ሳይቀር። ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል፣ የገመዱ ቋጠሮ እዚያ እንዲደበቅ።

እጅጌ ላይ እንዳይጠለፍ ሹል ነገር ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ የአይጧ ጅራት ወደ ሆዷ መታጠፍ አለበት፣ የበሬው ቀንድ ጀርባው ላይ መተኛት አለበት። ሰብለ ስለ ጠባብ ቦታ ያለችው እዚህም አለ። ስትገለብጡት ደግሞ ማንም የማያየው ሆዱ ሥር አራቱም እግሮች፣ ጥፍሩ ሳይቀር ተቀርጿል። እኔን የጨረሰኝ እሱ ነው፤ መቀነት ላይ ሲሆን ያ ጎን ወደ ሰውየው ሆድ ነው የሚዞረው።

ሚኪ_ዱባይ

ልጠይቅ፣ ገንዘቡ እንዴት ነው? ያሳድጋል? እዚህ ሰው ሁሉ ሰዓት ነው የሚሰበስበው፣ ቢያንስ ይሸጣል።

ዳዊት_ለንደን

ለገንዘብ ከሆነ ሰዓትህን ያዝ። በሁለቱም ጨረታ ላይ እሳተፋለሁ፣ ልንገርህ።

ኮኬሺ፦ በጃፓን ብዙ የሰበሰበው ትውልድ አርጅቷል። ልጆቻቸው ቦታ የላቸውም፣ በካርቶን ነው የሚሸጡት። ጥሩ እጅ ያለበት፣ ከታች ስሙ በቀለም የተጻፈ ሥራ ከአንድ እራት ባነሰ ዋጋ ታገኛለህ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩ የታወቁ ሠሪዎች ሥራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ገበያ ውስጥ ሳታውቅ አትግባ።

ኔትሱኬ፦ እዚህ አስመሳይ ይበላሃል። ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1781 ጃፓን ውስጥ የታተመ አንድ መጽሐፍ ከ50 በላይ ቀራጮችን ይዘረዝራል፤ ቶሞታዳ የሚባል በሬ የሚቀርጽ የኪዮቶ ሰው ስም ሲጠራ፣ ያኔውኑ ብዙ አስመሳይ እንዳለበት ይናገራል። በ1781! ዛሬ ደግሞ ከሙጫ በቅርጽ የሚፈስስ አለ፤ የመጋጠሚያ መስመርና የአየር ፊኛ ፈልግ። ቀዳዳዎቹ ዳር ገመድ የበላው ምልክት ከሌለ ተጠራጠር።

ሌላው የዝሆን ጥርስ ነው። ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረሰ ስምምነት ታግዷል። እዚህ ብሪታንያ ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሙሉ በሙሉ ከዝሆን ጥርስ የሆነ ኔትሱኬ መያዝ፣ መውረስ፣ በስጦታ መስጠት ይቻላል፤ ለመሸጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1918 በፊት የተሠራና በጣም ልዩ ጥበባዊ ዋጋ ያለው ነው የሚል ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ጃፓን ውስጥ የአገር ውስጥ ገበያው ክፍት ስለሆነ ቱሪስቱ ቶኪዮ ላይ በሕጋዊ መንገድ ይገዛና ኤርፖርት ላይ ይቸገራል።

ገብረ_4ኪሎ

እኛም አገር በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ ተቃጥሏል፣ ከ6 ቶን በላይ። አስታውሳለሁ፣ ሰው «ምነው ሸጠውት መንገድ በሠሩበት» ሲል ነበር። እኔ ማቃጠሉን ነው የምደግፈው።

ሊያ_ሐይፋ

እኔም። ለዚያ ነው ከእንጨት የሆነውን ብቻ የምይዘው። ቦክስዉድ የሚባለው ቢጫ፣ ጠንካራ እንጨት በእጅ ሲዳሰስ ዘመን እየቆየ እንደ ማር ይሆናል። ለዓይንም ለኅሊናም ይሻለኛል። የአጋዘን ቀንድም አለ፣ እሱ ችግር የለውም።

ምሥራቅ_ሚኒያፖሊስ

እንዲያው አንድ የሰማሁት ነገር፤ ኮኬሺ ለሞቱ ሕፃናት መታሰቢያ ነው፣ በረሃብ ዘመን እናቶች ያጠፏቸው ልጆች ነው ይላሉ። ቪዲዮ አይቼ ሌሊቱን ሙሉ ተረብሼ አደርኩ። እውነት ነው?

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

አይደለም የኔ እህት፣ በሰላም ተኚ። ይህ ወሬ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋ ነው፤ የቆየ ጽሑፍ የሚደግፈው የለም፣ አጥኚዎቹም አይቀበሉትም። በቶሆኩ ረሃብ የነበረ መሆኑ እውነት ነው፣ ሕፃናት መሞታቸውም። ግን ከአሻንጉሊቱ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ1928 የሴንዳይ ከተማው አማኤ ቶሚያ ስለ ኮኬሺ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያሳትም የጻፈው ስለ ልጅ መጫወቻ ነው። ሰብሳቢነት እንደ ሰብሳቢነት የተነሳውም ያኔ ነው፤ የቆርቆሮና የሴሉሎይድ መጫወቻ መጥቶ የእንጨቱን ገበያ ሲገድለው፣ ልጆች የተዉትን አዋቂዎች አነሱት። ሰብሳቢ ባይኖር ብዙው ዓይነት ዛሬ አይኖርም ነበር።

አስፈሪ ታሪክ ያለው ዕቃ ቶሎ ይሸጣል፣ ለዚያ ነው ቪዲዮው የማያልቀው።

ናታን_ዲዛይን

የሚገርመኝ ማንም ስለ ዘመናዊ ኮኬሺ አላወራም። ጉንማ ውስጥ የሚሠሩት፣ ፀጉራቸው የተቀረጸ፣ ኪሞኖአቸው የተቃጠለ መስመር ያለው፣ ሠሪው እንደፈለገ የሚፈጥረው። እኔ እነሱ ናቸው የሚያምሩኝ። ባህላዊው ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉም አንድ ነው።

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ናታን፣ «ሁሉም አንድ ነው» ያልከው ለእኔ መነሻው እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ዘመናዊው ያምራል፣ አልክድም፤ ግን ሳየው የማየው የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። የኪጂያማውን ኦጉራ ኪዩታሮ ውሰድ። ዕድሜውን ሙሉ ያችኑ ባለ መስመር ኪሞኖና የፕለም አበባ ያለበት ሽርጥ የለበሰች ልጅ ሠራ። በወጣትነቱ የሠራትና በስተርጅናው የሠራት ጎን ለጎን ሲቆሙ ልብሱ ያው ነው፣ ሰውዬው ግን ተቀይሯል፤ ያንን ከዓይኗ ታነበዋለህ። አዲስ ንድፍ በየዓመቱ ቢያወጣ ኖሮ ይህን ማየት አንችልም ነበር።

ናታን_ዲዛይን

ቆንጆ ተናገርሽ፣ አላሳመንሽኝም። ወግ የጠበቀ ሁሉ ጥልቅ አይደለም። አንዳንዱ ሠሪ አሰልቺ ስለሆነ ነው ተመሳሳይ የሚሠራው፤ ፍል ውሃ ከተሞች ውስጥ ያሉ ሱቆች በእንደዚያ ዓይነት የተሞሉ ናቸው። ደግሞም ድንበሩ እናንተ እንደምትሉት የጸና አይደለም፣ የቶጋታው ሠሪ ወደ ያጂሮ (ሁለቱም የኮኬሺ ዓይነት ናቸው)፣ የያጂሮው ወደ ሌላ ቦታ ተጋብቶ ሄዷል፣ ንድፉም አብሮ።

ዳዊት_ለንደን

በዚህ ናታን ልክ ነው። መስመሮቹ በጋብቻና በተማሪነት ተደባልቀዋል። ሠንጠረዡን በጣም ያጸኑት ሰብሳቢዎች ናቸው፣ ሠሪዎቹ አይደሉም።

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ይህን እቀበላለሁ። አሰልቺ ሠሪ መኖሩንም። ግን አሰልቺውን ከጥሩው ለመለየት ሁለቱም አንድ ነገር መሥራት ነበረባቸው። በዚህ አልለቅም 😄

ምሥራቅ_ሚኒያፖሊስ

እሺ ተረጋጋሁ፣ አሁን መግዛት አማረኝ። ከየት ልጀምር? ቀረጡስ?

ዳዊት_ለንደን

ከጃፓን ጨረታ በቀጥታ አይሸጡልሽም፤ እዚያው አገር ተቀብሎ የሚልክ ወኪል ድርጅት ትጠቀሚያለሽ። አሜሪካ ከሆንሽ ልብ በዪ፣ እስከ 800 ዶላር የነበረው የቀረጥ ነፃ ፈቃድ ኦገስት 29 ቀን 2025 ተነስቷል፣ ስለዚህ ርካሿ አሻንጉሊት ከመላኪያዋና ከቀረጧ ጋር ርካሽ ላትሆን ትችላለች። አንድ አንድ ከማዘዝ ወኪሉ ጋ አጠራቅሞ በአንድ ካርቶን ማስላክ ይሻላል። ወይም አካባቢሽ ያለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ፈልጊ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን የነበሩ ወታደሮች ብዙ ዕቃ ይዘው ተመልሰዋል፤ የሐካታ የሸክላ ምስልም ኮኬሺም ከቤተሰቦቻቸው ይወጣል።

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

እኔ የምጨምረው፦ ከአንድ ፍል ውሃ ጀምሪ፣ ናሩኮ ቢሆን ይመረጣል፣ ብዙ ስላለ። ግልባጩን ሳታዪ አትግዢ፤ ስሙ ከታች ነው የሚጻፈው። ከዚያ የአንድ ሠሪ ሁለት ይኑርሽ፣ ያኔ ማነጻጸር ትጀምሪያለሽ። ፀሐይ አታሳዪያቸው፤ ቀለሙ ይሸሻል፣ ሐምራዊው ቀድሞ። በእርጥብ ጨርቅ ደግሞ እንዳትነኪ! ውሃ የሚያሟሟው ቀለም ነው፣ አንዴ ከራሰ አበባው ጉንጯ ድረስ ይሄዳል። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። እድሉ ካለሽ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ናሩኮ ላይ የኮኬሺ በዓል አለ፣ ሠሪዎቹ ከየአካባቢው ይመጣሉ።

ጋሼ_ቶርኖ

ልጆች እኔ እናንተ ስትከራከሩ ሞከርኩት። ዋንዛ ነው የነበረኝ፣ ደረቅ። አንገቱን ከቀዳዳው በጥቂቱ አወፍሬ፣ ቶርኖው ላይ እየዞረ ገፋሁት። ጢስ ጢስ አለኝ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ገባ። ይዞራል፣ አይወጣም። ድምፅ ግን የለም። ዋንዛ በጣም ለስላሳ ነው መሰለኝ፣ አሽቶ ይለሰልሳል እንጂ አይጮኽም። ሰብለ፣ የእነሱ እንጨት ደቃቅ ነው ያልሽው ለዚህ ይሆን? ወይራ ልሞክር አስቤ ነበር ግን ጠንካራ ነው፣ አካሉን ይሰነጥቀዋል ብዬ ፈራሁ።

ሰብለ_ሲልቨርስፕሪንግ

ጋሼ!! ወይራውን ለራሱ፣ ዋንዛውን ለአካሉ ቢያደርጉትስ? ፎቶ ይለጥፉልን።

ጋሼ_ቶርኖ

ሁለት ዓይነት እንጨት እኩል አይተነፍስም፣ ክረምት ሲገባ አንዱ አብጦ ሌላውን ይፈነቅለዋል። ሁለቱንም ከጽድ አደርገዋለሁ። ፊቱን የሚስል ሰው ግን ከእናንተ መካከል ይምጣ፣ የኔ እጅ ለብሩሽ አይሆንም።

ናታን_ዲዛይን

ጋሼ ፊቱን እኔ እስልልዎታለሁ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ግን ዘመናዊ ነው የማደርገው 😁

ጋሼ_ቶርኖ

እጅ እንዳታወጣለት እንጂ ሌላው ያንተ ነው።